የመዳፍ ስሕተት በዓይን ሂሳብ

ባለፈው ዓመት፣ የእናቴ ተዝካር በወጣበት በአርባኛው ቀን፣ ለመጡት ዘመዶችና ጎረቤቶች እንዲነበብ አንድ ግጥም ጽፌ ነበር። ሃያ ስምንት ስንኝ ነው፤ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ዓይነ ስውር ስለሆንኩ ግጥሙን ከላፕቶፔ አሳትሜ ለእኅቴ ልጅ ሰጠሁትና እሱ ቆሞ አነበበልኝ። ልጁ ድምፁ መልካም ነው። እስከ አሥራ ስምንተኛው ስንኝ ድረስ ሁሉም በደኅና ሄደ። ከዚያ ቆመ። «ህ...» አለና ዝም አለ። ከስንኙ መነሻ ተመልሶ ጀመረና አሁንም «ህ...» አለ። አንዲት አክስቴ ልጁን ልቅሶ የተናነቀው መስሏት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ልጁን ግን ልቅሶ አልተናነቀውም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይኸው ብቻ ነበር፤ «ህ»። የቀረው የቃሉ አካል ከአምስት ስንኝ በላይ፣ በማይገባው ስፍራ፣ «ኦድ» ተብሎ ተቀምጧል። ቃሉ «ሆድ» ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሐዘን አይደለም። ከላፕቶፕ የፊደል ቁልፎች ሥር ስለተነጠፈች፣ ከመዳፍ ብዙም ስለማትሰፋ አንዲት ለስላሳ ገበታ ነው፤ ታችፓድ ስለምንላት። ዓይናማ ወዳጆቼ ይህን እንደ ትልቅ ጉዳይ ይዤ ስነሣ ፈገግ ይላሉ። ፈገግታቸውን አላየውም፤ በድምፃቸው ውስጥ ግን ይሰማኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታችፓድ ላይ ጣት ሲንሸራተት በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት አብራ ትሄዳለች፤ ጣት መታ ሲያደርግ ቀስቷ ባለችበት ቦታ «ክሊክ» ይሆናል። ገበታዋ ጣትን የምታውቀው በክብደቱ ሳይሆን ሰውነታችን ባለው የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። በብስክሪብቶ ጫፍ ብትነኳት ዝም ትላለች፤ ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ሳያስበው ዳበስ ካደረጋት ግን እንደ ጣት ልትቆጥረው ትችላለች። የዛሬዎቹ ላፕቶፖች መዳፍን ከጣት ለመለየት ይሞክራሉ፤ ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። የሚጽፍ ሰው እጁን የሚያሳርፈው ደግሞ እዚያው፣ በገበታዋ ግራና ቀኝ ነው። እኔ ስንኝ ሲመጣልኝ እጄ ይከብዳል፤ ሌሎች ገጣሚዎች ይህ ይድረስባቸው አይድረስባቸው አላውቅም። ያኔ መዳፌ ይወድቃል፣ ክሊክ ይሆናል፣ የምጽፍበት ነጥብም ቀስቷ ወደ ተረሳችበት ስፍራ ዘሎ ይሄዳል። ዓይናማ ሰው መዝለሉን ያያል፤ አንድ ቃል ተራግሞ ይመልሰዋል። እኔ ግን ጣቶቼን እንጂ ገጹን ስለማላገኘው በሌላ ሰው ቤት ውስጥ የራሴን ወሬ ማውራት እቀጥላለሁ።

ስክሪን ሪደሩስ አይነግርህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የምጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነው፤ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ፣ ለወገኖቻቸው በነፃ የሠሩት፣ ጅምሩም እ.ኤ.አ. በ2006 የሆነ ፕሮግራም ነው። ቀስቷ ያረፈችበትን ጽሑፍ እንዲያነብ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከኤም ጋር በመጫን ይበራል፣ ይጠፋል። ሲበራ መዳፌ ገበታዋን ዳበስ ባደረገ ቁጥር የማዳምጠው ስንኝ ተቋርጦ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ፋይሉ ስም ይነበብልኛል። በግጥም መካከል «ስድሳ ሁለት ከመቶ» ሲባል የሚሰማውን ስሜት ለናንተ እተወዋለሁ። ሲጠፋ ደግሞ ጸጥታ ይሆናል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የምጽፍበት ነጥብ ሸሽቶ እንደሆነ የማውቀው ወደ ኋላ ተመልሼ ሳዳምጥ ነው። ከለፍላፊና ከዲዳ አንዱን ምረጥ ተብያለሁ። ብዙ ጊዜ ዲዳውን እመርጣለሁ፤ «ሆድ» ለሁለት የተቆረጠውም ያኔ ነው።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በዚህ ነገር የሚጎዳበት የተለየ ምክንያት አለው። አብዛኞቻችን የምንጽፈው በድምፅ አወጣጥ ዘዴ ነው፤ አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ እንነካለን። መጀመሪያ «ህ» ትወጣለች፣ ቀጥሎ የሚነካው ቁልፍ ወደ «ሆ» ይለውጣታል። በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለችው ቅጽበት እጅግ አጭር ናት፤ ግን መዳፍ ለመውደቅ አታንስም። ያን ጊዜ የሚሰበረው ዓረፍተ ነገሩ ወይም ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ፊደሉ ራሱ ነው። በልጅነቴ ብሬይል የተማርኩት በስሌትና በስታይለስ ነበር፤ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋን ጽፈን፣ ወረቀቱን ገልብጠን ከግራ ወደ ቀኝ እናነባለን። በብሬይልም ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ ሆኖ ተለያይቶ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ ይህ መከፈል ለእኔ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ያ ወረቀት የትም አይሄድም ነበር። ስታይለሱ ከወጋው ቀዳዳ ቀጥሎ ያለው ቀዳዳ ሁልጊዜ እዚያው ይጠብቀኛል።

የአማርኛው ድምፅ ደግሞ ስሕተትን በማጋለጥ ረገድ ብዙ አይረዳም። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ስለማይለይ መሣሪያው «አለ»ን ሲያነብ ሰውየው ተናገረ ማለቱ ይሁን በቤቱ አለ ማለቱ ከፊደሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ጆሮዬ የመሣሪያውን የንባብ ጉድለት እያረመ መስማት ለምዷል። መልመዱ ግን ዋጋ አለው። «ኦድ» የሚል ባዕድ ድምፅ በመጣ ጊዜ፣ ከድካም ጋር ተዳምሮ፣ «ይህም ያው የመሣሪያው አነባበብ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ጥፋቴን አልክድም።

መዳፍና ገበታ እንዴት ጎረቤት ሊሆኑ እንደቻሉ ሳስብ የሚገርመኝ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣቸው ፓወርቡኮች የፊደል ቁልፎቹን ወደ ኋላ ገፍቶ ከፊታቸው የእጅ ማረፊያ አበጀ፤ በማረፊያው መካከል ቀስት የምታንቀሳቅስ ኳስ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በፓወርቡክ 500 ኳሷ ቀርታ ገበታዋ ተተካች። ኳሷ በመዳፍ ብትንከባለልም ክሊክ ለማድረግ ለብቻው የቆመ ቁልፍ መጫን ነበረበት። በኋላ ግን መታ ማድረግ ራሱ እንደ ክሊክ ተቆጠረ፤ የእኔ ዓይነቱ መከራም ከዚህ ይጀምራል። ለሚያይ ሰው ምቾት ነው፤ አንድ ድካም ቀንሶለታል። ቀስቷን ለማያያት ሰው ግን ከማረፊያው ላይ ወንበሩን ወስዶ ወጥመድ እንደማኖር ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ግጥም ነው፤ ግጥም ደግሞ እንጀራዬ አይደለም። እንጀራዬ የባንክ ጸሐፊነት ነው። የደንበኞችን አቤቱታ በሰንጠረዥ እሞላለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ። አንድ ቀን የአንዱ ደንበኛ የገንዘብ መጠን በሌላው ደንበኛ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። በባንክ ሥራ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያጸድቅ ስለማያልፍ ባልደረባዬ ያዘው፤ ሳንቲምም አልወጣም። አለቃዬ ግን ጠሩኝና በር ዘግተው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ሥራው ከብዶህ ከሆነ አትፈር። ዓይንህ ባያይ ነው እንጂ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ወደ ስልክ ብናዛውርህ አይሻልህም?» አሉኝ።

ሰውየው ክፉ ቢሆኑ መልስ አላጣም ነበር። ደግነታቸው አፌን ያዘው። ስልክ መመለስ ክቡር ሥራ ነው፤ ከዚያ የጀመሩ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። ነገር ግን ወደዚያ የምሄደው በራሴ ድክመት ሳይሆን በአንዲት ገበታ ጠባይ መሆኑ፣ ይህም በመዝገቤ ላይ «በዓይነ ስውርነቱ ምክንያት» ተብሎ መጻፉ ከነከነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይህ ነው። እኛ ባንክ ቤት አንድ ወጪ በተሳሳተ ሂሳብ ላይ ከተመዘገበ መዝገቡ ቢመዛዘን እንኳ ስሕተት ነው እንላለን። የመዳፌ ስሕተት በዓይኔ ሂሳብ ላይ ተመዝግቦ ነበር።

«እባክዎ አጠገቤ ተቀምጠው ስጽፍ ይመልከቱኝ» አልኳቸው። ተቀመጡ። እንደ ወትሮዬ መሙላት ጀመርኩ፤ ምን ያህል ደቂቃ እንዳለፈ አላስታውስም፣ ድንገት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ቆይ፣ ቆይ፤ ዘለለ እኮ! ምን ነካህ?» አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ድምፁም የነገረኝ ነገር የለም። «ምንም አልነካሁም» አልኩ። «መዳፍህ ነካው» አሉኝ። የስልኩ ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ልጅ ተጠርቶ መጣ። ገበታዋን ሙሉ በሙሉ አጠፋትና «አለቀ፤ ከእንግዲህ አታስቸግርህም» ብሎ ሄደ። ብዙ ዓይነ ስውር ወዳጆቼም ምክራቸው ይኸው ነው፤ «ለአንተ ምን ታደርግልሃለች? አጥፋትና ዕረፍ» ይላሉ። ካርቶን ቆርጠው በፕላስተር የሚለጥፉባትም አሉ። እኔም ከማስታወሻ ደብተር ሽፋን ቆርጬ ለጥፌ አውቃለሁ፤ ይሠራል። ነገር ግን ከወዳጆቼ የምለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ማጥፋት መፍትሔ አይመስለኝም።

ከጠፋች ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ በምንሠራበት ፕሮግራም ላይ አዲስ መስኮት መጣ። በመስኮቱ ላይ ያለው ቁልፍ ስም አልተሰጠውም፤ ታብ እየመታሁ ብዞር ብዞር አይደረስበትም። እንዲህ ያለው ነገር ፕሮግራም ሠሪዎች ሁሉም ሰው ማውስ ይይዛል ብለው ሲያስቡ የሚፈጠር ነው፤ ብርቅ አይደለም። ባልደረባዬ ልትረዳኝ መጥታ ገበታዋን ብትዳስስ ቀስቷ ሞታለች። ማውስ ፍለጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተሄደ። ልጁ ተመልሶ መጣና በመገረም፣ «ራስህ አይደለህ አጥፋልኝ ያልከኝ?» አለኝ። እውነት ነው፣ እኔ ነኝ። ያን ዕለት የገባኝ ግን ገበታዋ መጥፋቷ እንዳላሳረፈኝ፣ ይልቁንም ሌላ ሰው ሊያግዘኝ የሚገባበትን በር እንደዘጋብኝ ነው።

በብዙ ላፕቶፖች ላይ ገበታዋን የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ቁልፍ ከላይኛው ረድፍ አለ፤ ኤፍኤን ከሚለው ጋር ይጫናል። ደስ ይላል ትላላችሁ። ግን አብርቻለሁ ወይስ አጥፍቻለሁ? መልሱን የሚሰጠው በስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ በምትጠፋ ሥዕል ወይም በትንሽ መብራት ነው። ቁልፉ ስለ ዓይን አዛኝ መስሎ ለዓይን ብቻ ይመልሳል። ሁለት ጊዜ ተጭኜው ከሆነ ወደነበረበት ተመልሷል፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ተለውጧል፤ ጣቴ ስቶት ከሆነ ምንም አልሆነም፤ ሦስቱም ለእኔ አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ደረሰኝ የማይሰጥ ገንዘብ ተቀባይ በየትኛው ባንክ ይቀጠራል?

አሁን የምጠቀምበትን ልንገራችሁ፤ የሚቸገር ወዳጅ ቢኖራችሁ አንብቡለት። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአይ ጋር ተጭኖ ቅንብሩን መክፈት፣ በመፈለጊያው ታችፓድ ብሎ ጽፎ ገጹን ማግኘት ነው፤ ሁሉም በፊደል ቁልፍ ይደረስበታል። እዚያ በአንድ ጣት መታ ማድረግ እንደ ክሊክ እንዲቆጠር የሚፈቅድ ምልክት አለ። እሱን አነሣሁት። ገበታዋ አሁንም ቀስቷን ታንቀሳቅሳለች፤ ክሊክ የምታደርገው ግን ጣት አስቦ ወደ ታች ሲጫናት ብቻ ነው። መዳፍ እያሰበ አይጫንም። ከዚያው ገጽ የንክኪ ስሜቷን ዝቅ አደረግሁ። ሌላም አለ፤ ማውስ ሲሰካ ገበታዋ በራሷ እንድትተኛ ማዘዝ ይቻላል። ግጥም የምጽፍ ዕለት ማውሱን እሰካና ከጠረጴዛው ጫፍ አርቄ አስቀምጠዋለሁ። ሳልነካው ይጠብቀኛል። ባለቤቴ «ይህ ማውስ ምን ሥራ አለው?» ብላ ጠይቃኝ፣ «ዘበኛ ነው» አልኳት።

ቀስቷም ብትሆን ጠላቴ አይደለችም። ኤንቪዲኤ በትእዛዝ ቀስቷን እኔ ወዳለሁበት ነገር ያመጣልኛል፤ ክሊክም እዚያው በፊደል ቁልፍ ይደረግልኛል። የአፕል ኮምፒውተሮች ደግሞ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ቮይስኦቨር የሚባለው ስክሪን ሪደራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፤ በ2009 ደግሞ ገበታዋን ራሷን የሚያናግር ዘዴ ጨመሩበት። የቮይስኦቨርን ቁልፎች ይዞ ሁለት ጣት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲያሽከረክሯት ገበታዋ የስክሪኑ ካርታ ትሆናለች፤ ጣት የነካው ነገር ስሙን ይናገራል። ከላይ በስተቀኝ ያለው ምን እንደሆነ በጣት መጠየቅ ይቻላል። በወዳጄ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ስሞክረው ለብዙ ጊዜ እጄን አላነሣሁም፤ አንድ ገጽ ስፋትና ከፍታ እንዳለው ከብሬይል ወረቀት ወዲህ የዳሰስኩበት ያ የመጀመሪያው ነው። ያችው የረገምኳት ለስላሳ ገበታ ናት። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትነካ ትናገራለች።

የምጠይቀውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሰው በተቀመጠበት ላፕቶፕ ላይ የመጻፊያው ነጥብ ከፊደል ቁልፍ በቀር በሌላ ነገር ሲዘል አንዲት አጭር ድምፅ ትሰማ። ገበታዋ ስትበራ «በራች»፣ ስትጠፋ «ጠፋች» ትባል። መታ ማድረግን እንደ ክሊክ መቁጠር ለሚፈልግ ሰው ይበራለት እንጂ ሳይጠየቅ በርቶ አይምጣ። ይህ ሁሉ በፕሮግራም ውስጥ ጥቂት መስመር ነው፤ አዲስ ብረት አይጠይቅም። ለመሥሪያ ቤቶቻችን ደግሞ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራ አካባቢንና መሣሪያን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ደንግጓል። «ማመቻቸት» ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው የደረጃ መወጣጫና ውድ መሣሪያ ነው። አንድ ምልክት ማንሣትም ማመቻቸት ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ልጅ ከአንድ ቡና ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ግን መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ለምን እንደዘለለ ማየት አለበት። አለቃዬ ያደረጉት ይህንን ነው፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ግጥሙን አርሜዋለሁ። ማውሱን ሰክቼ፣ ስንኝ በስንኝ እያዳመጥኩ፣ «ሆድ»ን ወደ ቦታው መለስኩት፤ «ኦድ»ንም ከአምስት ስንኝ በላይ ፈልጌ አጠፋሁት። ለሙት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ እንደገና ቆሞ አነበበው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ አልቆመም። ሰዉ ሲበተን አክስቴ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘችና፣ «ግጥምህ መልካም ነው ልጄ፤ ግን የባለፈው ይሻል ነበር። ያ ልጁ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ፣ እሱን ለምን አወጣኸው?» አለችኝ።